የእሳት አደጋ ጣቢያ ውሎ፦ ለጥቂት ደቂቃዎች የሚደረግ የሙሉ ቀን ዝግጅት

በእሳት አደጋ ጣቢያ ደጃፍ የሚያልፍ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በረድፍ የቆሙ ቀይ መኪናዎችንና በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሠራተኞችን ነው። ጥሪ ከሌለ ጣቢያው ሥራ የፈታ ሊመስል ይችላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ አብዛኛውን የሥራ ጊዜውን የሚያሳልፈው ከእሳት ጋር በመታገል ሳይሆን ለትግሉ በመዘጋጀት ነው። ዕቃ ይፈትሻል፤ ይሠለጥናል፤ መንገድና የውሃ መሙያ ቦታ ያጠናል፤ ከአደጋ ሲመለስም ያገለገለውን ሁሉ አጥቦና ሞልቶ ወደ ቦታው ይመልሳል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለጥቂት ደቂቃዎች ሲባል ነው። የቤት ዕቃ በሞላበት ክፍል ውስጥ የተነሣ እሳት በአምስት ደቂቃ ገደማ ክፍሉን በሙሉ ሊያዳርስ ይችላል። የሣር ክዳን ቤትና የደረቀ የእህል ክምር ደግሞ ከዚህም ይፈጥናሉ። ጣቢያው ደቂቃ ለማትረፍ ቀኑን ሙሉ ይደክማል፤ የተረፈው ደቂቃ ግን በዘገየ የስልክ ጥሪ፣ በተዘጋ መንገድ ወይም ባለማወቅ በተወሰደ ርምጃ ሊባክን ይችላል። የጣቢያውን ውሎ ማወቅ ለከተማ ነዋሪውም ሆነ ለአርሶ አደሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የራሱ ድርሻ ከየት እንደሚጀምር ያሳየዋልና።

ርክክብ እና ፍተሻ

የጣቢያው ቀን የሚጀምረው በፈረቃ ርክክብ ነው። አገልግሎቱ ሌሊትና በዓል የማይለይ በመሆኑ ሠራተኞቹ በቡድን ተከፍለው እየተፈራረቁ ይሠራሉ። ያደረው ቡድን ስለ ወጣባቸው ጥሪዎች፣ ስለ ተጎዱ ዕቃዎች፣ ስለ መኪናዎቹ የነዳጅና የውሃ መጠን እንዲሁም በከተማው ስለ ተዘጉ መንገዶች ለተረካቢው ያስረዳል። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለቧንቧ ሥራ የተቆፈረን አንድ መንገድ አስቀድሞ አለማወቅ ከባዱን መኪና ዞሮ እንዲመለስ ያስገድደዋል።

ከርክክቡ በኋላ ፍተሻው ይቀጥላል። የመኪናው የውሃ ማጠራቀሚያ መሙላቱ ይታያል፤ ሞተሩና ፓምፑ ተነሥተው ይሞከራሉ፤ መብራቱ፣ ሳይረኑና የጎማው አየር ይፈተሻል። ቱቦዎች፣ መሰላሎች፣ መጥረቢያዎች፣ ገመዶችና የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥኖች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ዕቃ በመኪናው ላይ የማይለወጥ ቦታ አለው። በጭስና በጨለማ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ዕቃውን በዐይኑ ሳይሆን በእጁ ዳስሶ ማግኘት ስላለበት፣ ከቦታው የተፈናቀለ መጥረቢያ እንደጠፋ ይቆጠራል።

በተለየ ጥንቃቄ የሚታየው የመተንፈሻ መሣሪያው ነው። ሠራተኛው በጀርባው የሚያዝለው ሲሊንደር የታመቀ ንጹሕ አየር ይይዛል። የተለመደው መጠን በ300 ባር ግፊት ሲሞላ 2 ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይሰጣል። በመካከለኛ ሥራ ላይ ያለ ሰው በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ስለሚተነፍስ ሲሊንደሩ በስሌት 50 ደቂቃ ሊያቆይ ይገባው ነበር። ደረጃ እየወጣ፣ ቱቦ እየጎተተና ሰው እየተሸከመ የሚሠራ ግን አየሩን በዚያ በግማሽ ጊዜ ሊጨርሰው ይችላል። አየሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ መሣሪያው ያፏጫል፤ ፉጨቱም ሳይውሉ ሳያድሩ መውጣትን የሚያዝዝ ነው። ስለዚህ የግፊት መለኪያው፣ የጭንብሉ ጥብቀትና ፉጨቱ በየዕለቱ ይሞከራሉ።

ሥልጠናው

ቀጥሎ ያለው የሥልጠና ጊዜ ነው፤ ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ይጀምራል። የመከላከያ ልብሱ፣ የራስ ቁሩ፣ ቦቲውና የመተንፈሻ መሣሪያው ተደምረው ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። ይህን ለብሶ መሮጥና መውጣት ያልለመደ ሰው እሳቱ ዘንድ ሳይደርስ ይደክማል።

የቱቦ ልምምድ በየጊዜው የሚደጋገም ነው። ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ቱቦ መዘርጋት፣ አንዱን ከሌላው መቀጠል፣ ያለ መጠማዘዝ እስከ እሳቱ አቅጣጫ መውሰድና ከዚያ በኋላ ብቻ ውሃ እንዲለቀቅ ማዘዝ በቅደም ተከተል ይለመዳል። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። የውስጥ ስፋቱ 65 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቱቦ ሲሞላ 66 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል፤ ይህም ማለት አንድ ጎልማሳ ሰው የሚያህል ክብደት ነው። ውሃ ከገባበት በኋላ እንደልብ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ግፊቱም የያዘውን ሰው ወደ ኋላ ስለሚገፋ ትልቁን ቱቦ አንድ ሰው ብቻውን አይይዘውም። ከእጅ ያመለጠ ቱቦ እንደ እባብ እየተገረፈ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

የመሰላል ልምምድም አለ። መሰላሉ ከግድግዳው ሥር የሚርቀው በሚደገፍበት ቁመት አንድ አራተኛ ያህል እንዲሆን ይደረጋል፤ ለ8 ሜትር ቁመት እግሩ 2 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ጎተራ ወይም ጣሪያ ለመጠገን የሚወጣ አርሶ አደርም ይህንኑ ስሌት ሊጠቀምበት ይችላል።

ከሁሉ ከባዱ የጭስ ክፍል ልምምድ ነው። ሠልጣኞች ጭንብላቸው ተሸፍኖ ወይም ክፍሉ ጨልሞ ሰው እንዲፈልጉ ይደረጋል። ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ እንጂ ማንም ብቻውን አይገባም። አንድ እጃቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ በዚያው ግድግዳ ተመልሰው መውጣት ይችላሉና። የተዘጋ በር ከመክፈታቸው በፊት ሙቀቱን ይፈትሻሉ፤ በሩ ከጋለ ከበስተጀርባው እሳት አለ። አልጋ ሥርና ቁም ሳጥን ሳይታይ አይታለፍም፤ ሕፃናት ሲፈሩ እሳቱን ሸሽተው የሚደበቁት በእነዚህ ቦታዎች ነውና። በመሆኑም ወላጆች አስቀድመው ለልጆቻቸው ሊነግሯቸው የሚገባው፣ እሳት ሲነሣ ወደ ደጅ መሮጥ እንጂ መደበቅ እንደማያድን ነው።

በቤት ቃጠሎ ከነበልባሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የተሻለው አየር የሚገኘው ከወለሉ አጠገብ ነው። ሠራተኞቹ ተንበርክከው የሚሄዱትም ስለዚህ ነው፤ ማንኛውም ሰው ከሚጨስ ቤት ሲወጣ እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል።

የውሃው ሂሳብ

በአደጋ ቦታ ከሕዝብ ከሚሰሙ ቅሬታዎች አንዱ “መኪናው ውሃ ሳይዝ መጣ” የሚል ነው። ከቅሬታው በስተጀርባ ብዙዎች የማያስተውሉት ሂሳብ አለ። 5 ሺህ ሊትር ውሃ የያዘ መኪና የጫነው 250 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። እያንዳንዳቸው በደቂቃ 400 ሊትር የሚረጩ ሁለት ቱቦዎች ከተከፈቱ ያ ሁሉ ውሃ በስድስት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሙሉ ሆኖ የደረሰ መኪና ጥቂት ቆይቶ ባዶ ሆኖ ቢታይ ሳይሞላ መጣ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ጣቢያው ከመኪናው ውሃ ይልቅ የሚያስበው ስለ ቀጣዩ ውሃ ነው። በከተማው ውስጥ ሃይድራንት የሚባሉት የእሳት ማጥፊያ ውሃ መሙያዎች የት እንዳሉና እንደሚሠሩ ይጠናል። በአጠገባቸው የቆመ ተሽከርካሪ፣ የተከመረ አሸዋ ወይም የተሠራ አጥር አገልግሎታቸውን ያሳጣቸዋል። ሃይድራንት በሌለበት ቦቴ መኪናዎች እየተመላለሱ ያቀብላሉ፤ ወይም ፓምፑ ከወንዝ፣ ከኩሬና ከገንዳ ይስባል።

በደጋው አገር ግን ውሃ መሳብ የራሱ ገደብ አለው። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የሚስበው በአየር ግፊት ርዳታ ነው፤ ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ በንድፈ ሐሳብ እስከ 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ካለው ቦታ ውሃ መሳብ ይቻላል። 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ይህ ወደ 8 ሜትር፣ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 7 ሜትር ዝቅ ይላል። በተግባር በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ኃይል ሲቀነስ ከዚህም ያንሳል። ከገደል ሥር የሚፈስ ወንዝ በዐይን ቅርብ ሆኖ ለፓምፑ ሩቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የመስኖ ሞተር ያለው አርሶ አደርም ይህን ሕግ ከማሳው ያውቀዋል፤ ሞተሩን ወደ ውሃው ማስጠጋት እንጂ መሳቢያ ቱቦውን ማስረዘም መፍትሔ አይሆንም።

ውሃ ለሁሉም እሳት መድኃኒት አለመሆኑም የሥልጠናው አካል ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1 ሺህ 700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። በሚነድ ዘይት ላይ የተደፋ ውሃ ከዘይቱ ሥር ገብቶ በቅጽበት ስለሚተን የሚነደውን ዘይት በየአቅጣጫው ይረጨዋል። ለዘይትና ለነዳጅ እሳት አረፋ ወይም ደረቅ ዱቄት ይመረጣል። የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ቦታ ደግሞ ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ በውሃ አይነካም። የመብራት ኃይል ባለሙያ እስኪደርስ ቡድኑ ቆሞ ሲጠብቅ የሚታየው ስለ ፈራ ወይም ስለ ዘገየ አይደለም።

ምሳና ዕረፍት

በጣቢያው ውስጥ ያለው ሕይወት የአንድ ቤተሰብን ሕይወት ይመስላል። ምሳ በአንድ ማዕድ ይበላል፤ ቡና ይጠጣል፤ ጽዳቱም በጋራ ይከናወናል። ነገር ግን ጆሮ ሁልጊዜ ወደ ጥሪው ነው። የተቆረሰው እንጀራ ሳይጎረስ፣ የተቀዳው ቡና ሳይጠጣ የሚቀርበት ቀን ጥቂት አይደለም። ሌሊት ተራ የደረሰው ቡድን ቢተኛም ሱሪውን በቦቲው ላይ ጠቅልሎ ከአጠገቡ ያኖረዋል፤ እግሩን አስገብቶ ወደ ላይ መሳብ ብቻ ይቀረዋል።

ሌላው ሰው ከቤተሰቡ ጋር በሚያከብረው በዓል የእሳት አደጋ ሠራተኛው በሥራ ላይ ነው። በመስቀል ደመራ ሲለኮስ፣ በጥምቀትም ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ቀዩ መኪና ዳር ይዞ ይቆማል። በዓል ለጣቢያው ከሥራ ቀን ሁሉ የበለጠ ንቃት የሚጠይቅ ነው፤ በየቤቱ ምድጃው፣ ዘይቱ፣ ሻማውና የኤሌክትሪክ ምጣዱ በአንድ ጊዜ ይሠራሉና።

ጥሪው ሲመጣ

ስልኩ ሲነሣ ጥሪ ተቀባዩ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ቦታው የት ነው? የሚቃጠለው ምንድን ነው? ውስጥ ሰው አለ? የደወሉበት ስልክ ስንት ነው? መኪናው የሚነሣው የመጀመሪያዎቹ መልሶች እንደተገኙ ነው፤ ቀሪው መረጃ በመንገድ ላይ ይደርሰዋል። ስለዚህ ደዋዩ በረጋ መንፈስ መልሶ ስልኩን ክፍት ማድረግ አለበት። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የሚጠራው በ939 ነው። በሌሎች ከተሞች የሚገኝ ነዋሪ የጣቢያውን ቁጥር ከአደጋ በፊት ጠይቆ በስልኩ መመዝገብና በቤቱ በር ጀርባ መጻፍ ይኖርበታል።

አብዛኛው የአገራችን ሰፈር በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት የሚታወቅ መሆኑ ሌላው ፈተና ነው። “ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ” የሚለው ጥቆማ ለሰፈሩ ሰው ግልጽ ቢሆንም ለሾፌሩ አይበቃም። ጠቃሚው ነገር የታወቀ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት መጥራትና አንድ ሰው እስከ ዋናው መንገድ መገንጠያ ልኮ መኪናውን ማስቀበል ነው። በአንጻሩ ለቀልድ የሚደረግ የሐሰት ጥሪ አንድን መኪና እውነተኛው አደጋ ካለበት አቅጣጫ ያርቀዋል።

በአሜሪካ የብሔራዊ እሳት መከላከያ ማኅበር መለኪያ መሠረት ጥሪ የደረሰው ቡድን ለብሶ ለመነሣት የተሰጠው ጊዜ 80 ሰከንድ ነው። በየጣቢያው የሚደረገው የአለባበስ ልምምድ ዓላማም ሴኮንዶችን መቀነስ ነው። መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ ግን ጊዜው በመንገዱና በሌሎች አሽከርካሪዎች እጅ ይወድቃል። ሳይረን የሰማ አሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ማሳለፍ አለበት፤ ባዶ መንገድ አገኘሁ ብሎ ከኋላው መከተል ግን ክልክል ነው።

የመንገድ መጥበብ ምን ያህል እንደሚጎዳ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ ታይቷል። የአካባቢው መንገድ መጥበብና የሱቆቹ መጠጋጋት የማጥፋቱን ሥራ አክብዶት ነበር። በየከተማው ገበያ መተላለፊያ ላይ የሚዘረጋ ሸራ፣ የሚከመር ዕቃና የሚተከል መደብ ይኸው ጉዳት አለው። የመንገዱን ዳር መያዝ ለዕለቱ ገበያ ይጠቅም ይሆናል፤ እሳት ሲነሣ ግን የዘጋው የራስን ሱቅ መዳኛ ነው።

ቡድኑ እንደ ደረሰ አዛዡ አካባቢውን በዐይኑ ይቃኛል። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያ ሰው ማዳን፣ ቀጥሎ እሳቱ እንዳይዛመት ማገድ፣ ከዚያም ማጥፋት። “የሚነደውን ትተው ያልተቃጠለውን ቤት ለምን ያርሳሉ?” የሚለው የተመልካች ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው የወደቀን ቤት ማትረፍ አይቻልም፤ አጠገቡ ያለው ግን ከሙቀቱ ብቻ ሊቀጣጠል ይችላል። በዚህ ጊዜ ቱቦ ከሠራተኛው እጅ መንጠቅ ወይም ቡድኑን ወደ ራስ ቤት መጎተት የሌላውን ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

እሳት ያልሆነው ጥሪ

ወደ ጣቢያው የሚመጣው ጥሪ ሁሉ የእሳት አይደለም። በተሽከርካሪ ግጭት የተጣበቀን ሰው በሃይድሮሊክ መቁረጫ ማውጣት፣ በክረምት በጎርፍ የተከበቡትን ማሻገር፣ ጉድጓድ የገባን ሰው ማውጣት የዚሁ ሙያ አካላት ናቸው። የጉድጓድ አደጋ በተለይ ለገጠሩ ሕዝብ ቅርብ ነው።

በመሬት ውስጥ የእህል ጉድጓድ የተከተተ እህል ይተነፍሳል፤ አየሩን እየፈጀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጠራቅማል። በመጸዳጃ ጉድጓድ መርዛማ ጋዝ ይከማቻል። በውሃ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ የተነሣ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ሽታና መልክ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላዋል። የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ሊያወጣው ይወርዳል፤ እርሱም ይወድቃል። ሠራተኞቹ ያለ መተንፈሻ መሣሪያና ያለ ገመድ የማይወርዱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ኩራዝ አውርዶ መሞከርም አያስተማምንም፤ መብራቱ ሳይጠፋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገድል ይችላል። የእህል ጉድጓድ ከተከፈተ በኋላ በቂ ጊዜ ሳይናፈስ መግባት አይገባም፤ የመስኖ ሞተርም ከጉድጓዱ ውጭ እንጂ ውስጥ አይነሣም።

በብርድ ወራት በተዘጋ ቤት የሚሞቅ ከሰልም በዚሁ ጋዝ ይገድላል። ከሰሉ ደጅ ቆይቶ ጭሱ ጠፍቷል ማለት መርዙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል መግባት የለበትም።

መኪናው እስኪደርስ በከተማ

በከተማ ቤቶች በትኩረት ሊታይ የሚገባው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ኃይል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ይህን ጭነት በቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ላይ ከማቀዝቀዣና ከምድጃ ጋር መደራረብ ገመዱን ያግለዋል። የሚሞቅ ሶኬት፣ የሚሸት ገመድና ደጋግሞ የሚወርድ ብሬከር የአደጋ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው፤ ብሬከሩን በሽቦ ማሰር ግን ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው።

በድስት ውስጥ የተቀጣጠለ ዘይት ምድጃው ተዘግቶ በክዳን ወይም በረጠበ ወፍራም ጨርቅ ሲታፈን ይጠፋል፤ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም፤ እየነደደም አይነሣም። የጋዝ ሽታ በሚሸትበት ቤት መብራት ማብራትም ማጥፋትም አያስፈልግም፤ መስኮት ከፍቶ፣ ሲሊንደሩን ዘግቶ መውጣት ይቀድማል።

የእጅ እሳት ማጥፊያ ያላቸው ሱቆችና ወፍጮ ቤቶች አጠቃቀሙን አስቀድመው ሊለማመዱ ይገባል። ፒኑን መንቀል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ መያዣውን መጫንና ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ነው። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ የሚያገለግለው ከ20 ሰከንድ ብዙም ላልበለጠ ጊዜ በመሆኑ ለጀማሪ እሳት ብቻ ነው። ሲጠቀሙ መውጫው በር ከጀርባ መሆን አለበት። የግፊት መለኪያው ከአረንጓዴው ክልል የወጣ ማጥፊያ ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ብቻ አይጠቅምም።

መኪናው እስኪደርስ በገጠር

ከከተማ የራቀ የገጠር ቀበሌ የእሳት አደጋ መኪናን እንደ ዋና ተስፋ ሊይዝ አይችልም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አንዳንዱም ለከባድ መኪና አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ ለዚህ ማሳያ ነው። መኪና በማይደርስበት ገደላማ ቦታ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታግሏል፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ እሳት አጥፊዎች ለርዳታ መጥተው ነበር። ስለዚህ በገጠር ጣቢያው የሚሠራውን የዝግጅት ሥራ ቀበሌው ራሱ መሥራት አለበት።

የመጀመሪያው ዝግጅት የክምር አቀማመጥ ነው። የዓመት ልፋት በአንድ ቦታ ሲከመር አንድ ፍንጣሪ ሁሉንም ይወስደዋል። ክምሮችን ከቤት፣ ከምድጃና ከመንገድ ማራቅ፣ እርስ በርሳቸውም ማለያየት፣ ዙሪያቸውን ሣርና ገለባ ጠርጎ ባዶ አፈር ማድረግ አደጋውን ይቀንሳል። በአውድማ ላይ የመውቂያ ማሽን ሲሠራ ጭስ ማውጫው ወደ ክምሩ እንዳይዞር፣ በሞተሩ ላይ የተከማቸ ጭድም በየጊዜው እንዲጸዳ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ነዳጅ አይጨመርም፤ በአውድማ አጠገብም ሲጋራ አይጨስም። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽም ከውስጡ ይግላል። እጅን የሚያቃጥል ሙቀት ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው ያለ ውሃና ያለ ረዳት መናድ አደገኛ ነው፤ አየር ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላልና።

ሁለተኛው ዝግጅት የሰው ነው። በጎጡ ማን እንደሚጮህ፣ ማን ውሃ እንደሚያመላልስ፣ አካፋ፣ ባልዲና መሰላል በማን ቤት እንደሚገኝ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ዕድርና የልማት ቡድን ለዚህ የተመቹ ናቸው። የሣር ክዳን ቤት ሲቀጣጠል ሰውና ከብት ማውጣት ይቀድማል፤ ቀጥሎ በነፋሱ አቅጣጫ ያሉ ጣሪያዎችን ማርጠብና የሚወድቀውን ፍም ማጥፋት ነው። ዕቃ ለማውጣት ተመልሶ መግባት አይገባም።

ሦስተኛው እሳትን አለመጫር ነው። ለማር ቆረጣ የሚለኮስ ጭስ፣ ለከሰል የሚቆለል እንጨት፣ ለእርሻ ዝግጅት የሚቃጠል ቃርሚያ በደረቁ ወራት በነፋስ ወደ ጫካ ሊዘልቅ ይችላል። የነደደው ነገር በአፈር ተዳፍኖና በውሃ ርሶ በእጅ ሲነካ መቀዝቀዙ ሳይረጋገጥ ቦታውን መልቀቅ የለበትም።

ልብሱ በእሳት የተያያዘ ሰው ቢሮጥ እሳቱን ያራግበዋል፤ መሬት ላይ መንከባለል ወይም በጋቢ መታፈን አለበት። የቃጠሎ ቁስል ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይቀዘቅዛል እንጂ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና ወይም ጭቃ አይቀባም። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ከአደጋ መልስ

እሳቱ ሲጠፋ የጣቢያው ሥራ አያበቃም። የተዳፈነ ፍም እንዳይኖር ፍርስራሹ እየተገለበጠ ይታያል። ቡድኑ ሲመለስ ውሃው ይሞላል፤ ቱቦው ታጥቦ ይሰጣል፤ ሲሊንደሩ ይሞላል፤ ልብሱ ይታጠባል። መታጠቡ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ለካንሰር ከሚያጋልጡ ሙያዎች መድቦታል፤ በልብስ ላይ የቀረ ጥላሸት ለአደጋው አንዱ መንገድ ነው።

በመጨረሻም የዕለቱ ጥሪ ይመዘገባል፦ ስንት ሰዓት ተደወለ፣ መቼ ደረሱ፣ የት ላይ ዘገዩ፣ ምን ጎደለ። በማግስቱ ጠዋት ርክክብ የሚደረገው በዚህ መዝገብ ላይ ነው፤ የቀጣዩ ቀን ልምምድም ከዚያ ይመረጣል። የቱቦ መቀጠያ የዘገየበት ቡድን ቱቦ ይለማመዳል፤ መንገድ የጠፋበት ሾፌር ሰፈሩን ያጠናል። የከተማው ነዋሪና የቀበሌው አርሶ አደርም ዛሬ ሊሠሩት የሚችሉት የራሳቸው ልምምድ አለ፦ የጣቢያውን ስልክ መያዝ፣ የሰፈሩን መግቢያ መክፈት፣ ክምሩን ማለያየት፣ ለልጆች መውጫውን ማሳየት። እሳቱ ሲነሣ ለእነዚህ ጊዜ አይኖርም።